የመስኮቱ ጠብ

(ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ አዳራሽ፣ በጥር ወር እሑድ ከሰዓት፣ ለባለትዳሮችና ለእጮኛሞች ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። የጥር ብርድ እንዲህ ሆኖ ከቤታችሁ መውጣታችሁ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ከኋላ ያላችሁ ጋቢያችሁን እንደተከናነባችሁ አዳምጡ፤ አልቀየምም። ዛሬ ሰርግ ኖሮባችሁ ቀርታችሁ የመጣችሁም ካላችሁ፣ ለሙሽሮቹ እኔ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ባልና ሚስት በምን እንደሚጣሉ ተናገሪ ተብዬ ነው የመጣሁት። የሰው ገመና ከማውራቴ በፊት የራሴን ላውጣ። እኔና ባለቤቴ 11 ዓመት ሙሉ የተጣላነው በመስኮት ነው።

እኔ ያደግሁት ሸዋ ሮቢት ነው። እዚያ ቤት ታፍኖ ሲውል ሰው ይታመማል ብለን እናምናለን። ባለቤቴ የመንዝ ልጅ ነው፣ የመሐል ሜዳ። እዚያ ደግሞ ሰው የሚታመመው መስኮት ሲከፈት ነው። ከዚህ ተነስታችሁ ጣርማ በርን አልፋችሁ ደብረ ሲናን ቁልቁል ስትወርዱ፣ መቶ ኪሎ ሜትር ሳትሞሉ ከ2,800 ሜትር ገደማ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ትደርሳላችሁ። ካፖርት ለብሶ የተሳፈረ ሰው ሲወርድ ካፖርቱን በክንዱ ይዞ ነው። ስለዚህ ጓደኞቻችን ሁሉ «የቆላና የደጋ ነገር ነው፤ ትለማመዳላችሁ» ይሉን ነበር። እኛም አምነን ቁጭ አልን።

ነገሩ የገባኝ አንድ ምሽት ቤታችን እንግዳ ሞልቶ ሳለ ነው። ቤቱ በሰው ትንፋሽና በምድጃ ሞቋል። ባለቤቴ ራሱ ሹራቡን አውልቆ በሸሚዝ ነበር። እንግዶቹ እንደወጡ ግን በቀጥታ ሄዶ መስኮቱን ዘጋ። ከዚያ በሩን ገፋ አድርጎ አየ። ከዚያ የሲሊንደሩን መዝጊያ አየ። ከዚያ ተመልሶ በሩን አየ።

ሰውየው ብርድ አልነበረም የፈራው። ሌባ ነው የፈራው። እሳት ነው የፈራው። ስሙን የማያውቀውን ነገር ነው የፈራው። 11 ዓመት ሙሉ እኔ ስለ አየር ስከራከር፣ እሱ የሚከራከረው ስለ ስጋቱ ነበር።

እኔስ? እኔ ደግሞ ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቼ ገበያ የምሄድ ሰው ነኝ። ብዙ ነገር አያሳስበኝም። እሱ መስኮቱን ሲዘጋ «ግድየለሽ ነሽ» እንዳለኝ አድርጌ እሰማዋለሁ። እኔ ስከፍተው ደግሞ እሱ «ስለ ቤታችን ደኅንነት ምን አገባኝ» እንዳልኩት አድርጎ ይሰማዋል። መስኮቱ ግን አንድም ቃል አልተናገረም።

እንዲህ ያለውን ነገር በአማርኛ አመል እንለዋለን። ጥሩ ቃል ነው። አንድ ቀን መቆጣት አመል አይደለም፤ ማንም ይቆጣል። አመል የሚባለው ዛሬም፣ የዛሬ ዓመትም፣ ቤትም፣ ሥራ ቦታም መልኩን ሳይለውጥ ተመልሶ የሚመጣው ነው። አባቶቻችን «አመል ያወጣል ከመሃል» ያሉት ለዚህ ይመስለኛል። አንድ ጥፋት ሰውን ከመሃል አያስወጣም፤ የሚያስወጣው እየተመላለሰ የሚመጣው ነው።

የሥነ ልቦና ሰዎችም ይህን ነገር ለመለካት የተነሱት ከቃላት ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ጎርደን ኦልፖርትና ሄንሪ ኦድበርት የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን አንድ ትልቅ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ከፍተው የሰውን ሁኔታ የሚገልጹ ቃላትን ለቀሙ። ወደ 18,000 የሚጠጋ አገኙ። ከእነሱ በኋላ የመጡት ያንን ክምር ሲያበጥሩ፣ ሲያጣሩ፣ በስተመጨረሻ አምስት ትልልቅ መደቦች ቀሩ። ዛሬ በዓለም ላይ ስለ ጠባይ የሚጠና ጥናት አብዛኛው በእነዚህ በአምስቱ ላይ ነው የሚሠራው።

የአማርኛ መዝገበ ቃላት ቢከፍቱ ኖሮ እኮ ሆድ ላይ ቆመው ይቀሩ ነበር። ሆደ ሰፊ። ሆደ ባሻ። ሆደ ቡቡ። እኛ የሰውን ጠባይ በሆዱ ነው የምንለካው። እኔም ዛሬ ፈረንጆቹ ያወጡትን ስም ትቼ በእኛው ሆድ ልናገር ነው።

የመጀመሪያው ሆደ ባሻነት ነው። ቶሎ መከፋት፣ ቶሎ መስጋት፣ ቶሎ መናደድ፣ ከዚያም ያንን ይዞ መቆየት። ሁለተኛው ሆደ ሰፊነት ነው፤ ለሰው ማዘን፣ መተው፣ እሺ ማለት። ሦስተኛው ጥንቃቄና ሥርዓት ነው። አራተኛው ከሰው ጋር መሆን መውደድ፣ ጨዋታ መውደድ ነው። አምስተኛው አዲስ ነገር መውደድ ነው። ይኸኛውን ዛሬ እዘለዋለሁ። «ባሌ አዲስ ሐሳብ አይወድም» ብላ ሻንጣዋን ይዛ የመጣች ሴት እስካሁን አልገጠመችኝም።

ደግሞም ማንም ሰው ወይ ይህን ወይ ያን ብቻ አይደለም። ሁላችንም በእነዚህ በአምስቱ ላይ የሆነ ቦታ አለን፤ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ብሎ። አብዛኛው ሰው መሃል ላይ ነው።

ወደ ትዳር ልምጣ። ከአምስቱ ትዳርን በጣም የሚያውከው የትኛው ነው? በዚህ ላይ ጥናቶቹ ያን ያህል አይለያዩም። ሆደ ባሻነት ነው። ሎዌል ኬሊ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ 300 ጥንድ እጮኛሞችን መዝግቦ መከታተል ጀመረ። ክትትሉ እስከ 1980 አካባቢ ቀጠለ። ሲጀመር ሃያዎቹ ውስጥ የነበሩት ሲያልቅ አያቶች ነበሩ። በ1987 ከጄምስ ኮንሊ ጋር ባወጣው ጽሑፍ ትዳሩ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድመው ያመለከቱት ሦስት ነገሮች ሆኑ፦ የባልየው ሆደ ባሻነት፣ የሚስትየዋ ሆደ ባሻነት፣ እና ባልየው ራሱን መግታት አለመቻሉ።

እንዴት ነው የሚሠራው? ከምሰማቸው ታሪኮች አንዱን ላውራ። ዝርዝሩን ቀያይሬዋለሁ።

ባልየው ከአዲስ አበባ እየተመለሰ ነው። ማታ 1 ሰዓት እደርሳለሁ ብሏል። መኪናው መንገድ ላይ ቆየ፤ የስልኩ ባትሪም አለቀ። ሚስቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ደወለች። ዝግ ነው። 2 ሰዓት ላይ መኪናው ተገልብጧል። 2 ሰዓት ተኩል ላይ የለም፣ አልተገለበጠም፤ ሌላ ሴት ጋ ነው። 3 ሰዓት ላይ ደግሞ ተገልብጧል። ይህ ሁሉ በእሷ ሆድ ውስጥ ነው። 3 ሰዓት ከሩብ ላይ ባልየው በሩን ከፍቶ ገባ። እጁ ላይ ዳቦ አለ፤ ደስ ብሎታል፤ ቤቱ ገብቷል። እሷ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስትሞትለትና ስትሞትበት ቆይታለች። «ደህና አመሸሽ» ሲላት «ቤት እንዳለህ ትዝ አለህ?» አለችው።

ሁለቱም አልተሳሳቱም። እሱ ምንም አላጠፋም። እሷም እያስመሰለች አልነበረም፤ በእውነት ፈርታለች። ጭንቀት ግን ከአፍ ሲወጣ መልኩን ይለውጣል። ገብቶ የነበረው ፍርሃት ሆኖ ነው፤ የሚወጣው ቁጣ ሆኖ ነው። የሚሰማው ሰው ደግሞ የሚያየው የወጣውን ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው የከፋው። ባልየው ከጥቂት ወራት በኋላ ብልህ የሆነ መሰለው። እሷን የሚያስጨንቅ ነገር መንገር ተወ። የደመወዝ ችግር ሲኖር ዝም። ወንድሙ ብር ሲበደር ዝም። «ላለማስጨነቅ ነው» ይላል። እሷ ግን የተደበቀ ነገር እንዳለ ይሸታታል። ትፈልጋለች፤ ታገኛለች። አሁን ጥርጣሬዋ ማስረጃ አገኘ። እሱም «አየሽ፣ ለዚህ ነው የማልነግርሽ» ይላል። እሷ ስለምትሰጋ እሱ ይደብቃል፤ እሱ ስለሚደብቅ እሷ ትሰጋለች። ይህን ጥምዝምዝ ከውጭ የመጣ ሽማግሌ በአንድ ቅዳሜ ሊፈታው አይችልም። ማን ጀመረው ተብሎ ቢጠየቅ ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ ሌላው ነው የጀመረው።

ስለ ሽማግሌ ካነሳሁ አይቀር። የባለቤቴ አያት መንዝ ውስጥ ብዙ ሰው ያስታረቁ ሰው ነበሩ። ነፍሳቸውን ይማር። አንዲት ሴት ባሏን ከስሳ መጣች። «ሁልጊዜ ይቆጣል» አለች። እሳቸው «ሁልጊዜ» የሚለውን ቃል አይወዱም ነበር። «ባለፈው መስከረም ተቆጥቶ ነበር?» አሏት። አሰበች። አይ፣ መስከረም ደህና ነበር። «በጥር ወርስ?» በጥርም ደህና ነበር። እንዲህ ወር በወር ሲጠይቋት ቁጣው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ተሰብስቦ ተገኘ። ጎተራው ውስጥ ያለው ገብስ እያለቀ፣ አዲሱ እህል ገና እርሻ ላይ ያለበት ጊዜ ነው። «ሰውየው የተጣላው ከጎተራው ጋር ነው» አሉ። ከዚያ ያደረጉት ነገር ባልየውን መገሠጽ ብቻ አይደለም። ከዘመድ የተወሰነ ገብስ በብድር እንዲመጣ አደረጉ።

ቤንጃሚን ካርኒና ቶማስ ብራድበሪ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1995 ባለትዳሮችን ለዓመታት የተከታተሉ 115 ጥናቶችን አሰባስበው ያሉት ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሰው ወደ ትዳር ይዞት የሚገባው ነገር አለ፤ አንዱ አመሉ ነው። ከውጭ የሚመጣበት መከራ አለ። ሁለቱ ሲገናኙ ባልና ሚስቱ እንዴት ይይዙታል የሚለው ደግሞ አለ። አመል ብቻውን ብዙ ጊዜ ተኝቶ ይኖራል። የሚቀሰቅሰው የቤት ኪራይ ነው፣ የዘይት ዋጋ ነው፣ የታመመ ልጅ ነው። በጥጋብ ጊዜ ሆደ ባሻ የሆነን ሰው ማን ያውቀዋል?

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ልለይ። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት ሲመጣ ከቤታቸው የወጡ ሰዎች በመካከላችን አሉ። የእኔም ዘመዶች አሉበት። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላም የተፈናቀሉ አሉ። ድሮ ረጋ ያለ የነበረ፣ አሁን ግን በር ሲንኳኳ የሚበረግግ፣ ሌሊት የማይተኛ፣ በትንሽ ነገር የሚጮህ ባል ወይም ሚስት ካለቻችሁ፣ ያንን አመል አትበሉት። አመል ድሮም የነበረ ነው። ይህ ጉዳት ነው። ጉዳት ደግሞ የሚሄደው ወደ ሐኪም ነው። የሚያማክር ባለሙያ ፈልጉ፤ ጸሎቱንም ከዚያ ጋር አስኪዱት። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

አሁን ሆደ ሰፊ ወደሚባለው ልሂድ። ሁሉም ሰው ሆደ ሰፊ ማግባት ይፈልጋል። እኔም ብሆን። ግን ደግ ሰው ትዳር የሚያናጋበት መንገድ አለ፤ በእኛ አገር ደግሞ በጣም አለ።

አንድ መምህር ነው። እምቢ ማለት አያውቅም። የሥራ ባልደረባው ብድር ሊወስድ ዋስ ሁነኝ ሲለው ፈረመ። ለሚስቱ አልነገራትም። ባልደረባው መክፈል አቆመ። ከመምህሩ ደመወዝ ይቆረጥ ጀመር። ሚስቱ ያወቀችው የደመወዝ ወረቀቱን ኪሱ ውስጥ ስታገኝ ነው፤ ሱሪ ልታጥብ። እኔ ጋ ሲመጡ እሱ አንገቱን ደፍቶ «እምቢ ማለት አልቻልኩም። ሰው ምን ይለኛል?» አለ። እሷ ምን አለችው መሰላችሁ? «እኔን ግን እምቢ ማለት አላቃተህም።»

ልክ ነበረች። ለልጆቹ ጫማ ስትጠይቀው ብር የለም ብሏት ነበር። ይሉኝታ ያለበት ሰው ለውጭ ሰው እሺ ሲል ሒሳቡን የሚከፍለው ቤቱ ነው። ሆዱ ለአገር ሁሉ ይሰፋል፤ ከዚያ ለቤቱ የሚተርፍ ቦታ ያጣል። ደግሞ ሚስትየዋ አቤት ማለትም ይከብዳታል። ለማን ትናገር? መንደሩ ሁሉ «እንዴት ያለ ደግ ባል አለሽ» ነው የሚላት።

ሰውየውን እምቢ በል ብለው አይሆንለትም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ያላለውን ቃል ዛሬ ከየት ያመጣዋል? ስለዚህ ሌላ ዓረፍተ ነገር ፈለግንለት፦ «ከባለቤቴ ጋር ልመካከር።» ይህን ማለት ይችላል። እምቢ አይደለም። ሚስቱ ደግሞ በደስታ ክፉ መባልን ተቀበለች። አሁን ሰፈሩ ውስጥ «እሱ ደግ ነበር፣ እሷ ናት እንጂ» ይባላል አሉ። ስትነግረኝ እየሳቀች ነው።

ጥንቃቄና ሥርዓት ላይ ብዙ አልቆይም፤ እናንተው ታውቁታላችሁ። አንዱ ዕቁቡን ቀን ቆጥሮ ይጥላል፣ ሌላው ዕቁብ መኖሩንም ይረሳል። አንዱ ጫማውን ደርድሮ ያስቀምጣል፣ ሌላው በሄደበት ያወልቃል። ጨዋታ መውደድም እንዲሁ ነው። አንዷ ከቅዳሴ በኋላ ጽዋ፣ ከጽዋ በኋላ ቡና፣ ከቡና በኋላ የአራስ ጥየቃ ካልሄደች እሑድ የዋለ አይመስላትም። ባሏ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ሰው ሲያይ ውሎ እሑድን ግድግዳ ብቻ ቢያይ ደስታው ነው። እነዚህ ጠቦች ያስቃሉ እንጂ ብዙ ጊዜ ቤት አያፈርሱም። የሚያፈርሱት ስም ሲወጣላቸው ነው።

ስም ማውጣት የምለው ይህን ነው። በሰርጉ ሰሞን ቆጣቢ የተባለው ሰው በአምስተኛው ዓመት ቋጣሪ ይባላል። ቸር የነበረው በታኝ ይሆናል። ተጫዋቿ ለፍላፊ። ረጋ ያለው ደንዛዛ። ቆራጧ ግትር። ልብ በሉ፣ ሰውየው አልተለወጠም። የወደድነውም ያንኑ ነበር፣ ያማረርነውም ያንኑ ነው። እኔ ባለቤቴን የወደድኩት ጠንቃቃ ስለሆነ ነው። የመጀመሪያ ቀጠሯችን ላይ መንገድ ስንሻገር ክንዴን ይዞ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ጊዜ አየ። «እንዴት ያለ አሳቢ ነው» አልኩ። መስኮቱን የሚያየው ያው ዓይን እኮ ነው!

አሁን ወደ ኩርፊያ። ዛሬ የመጣሁት በእውነቱ ስለ ኩርፊያ ለማውራት ነው።

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ያውቃል። አባትና እናት ተኮራርፈዋል። ቤቱ ጸጥ ብሏል። እራት ይቀርባል። እናት ልጁን «አባትህን እራት ቀርቧል በለው» ትለዋለች። አባት አጠገቧ ነው የተቀመጠው! ልጁ ዞሮ «አባዬ፣ እራት ቀርቧል» ይላል። «አልራበኝም በላት።» ልጁ ዞሮ ይነግራታል። ከመሃላችሁ ይህን ፖስታ ያላመላለሰ አለ? (እዚህ ላይ አዳራሹ ለረጅም ጊዜ ሳቀ። ከፊት የተቀመጡ አንድ አባት ግን አልሳቁም፤ ሚስታቸውን አዩ።)

ኩርፊያ የጠባዮች ግጥሚያ ነው። አንዱ ነገሩ ዛሬውኑ ካልተነገረ እንቅልፍ የማይወስደው ነው። ሌላው ሲናደድ ምላሱ የሚታሰር ነው። የመጀመሪያው «ተናገር እንጂ!» እያለ ይጠጋል። ሁለተኛው ይሸሻል። ሲሸሽ የመጀመሪያው ድምፁን ይጨምራል። ሲጨምር ያኛው ጭራሽ ይዘጋል። አንድሩ ክሪስቴንሰን የሚባል ተመራማሪ ይህን የአሳዳጅና የሸሽ ነገር ለዓመታት አጥንቶታል። በተለያዩ አገሮች የተገኘ ነገር ነው፤ የእኛ ብቻ አይደለም። ልጅን ፖስተኛ ማድረጉ ግን የእኛ ሳይሆን አይቀርም።

ዝም ያለው ሰው ውስጥ ምን እንደሚካሄድ የለካም አለ። ጆን ጎትማን አሜሪካ ሲያትል ውስጥ ባልና ሚስትን እያጨቃጨቀ የልብ ምታቸውን ይቆጥር ነበር። ፊቱ እንደ ድንጋይ የሆነው ሰው ልቡ ብዙ ጊዜ እየጋለበ ነው። ምቱ በደቂቃ ከ100 ሲያልፍ ሰውየው መስማትም ማሰብም እንደሚያቅተው ነው የሚናገረው። ተራራ እየወጣ ያለ ሰውን «ስለ እናትህ ጉዳይ ምን ወሰንክ» ብትሉት ምን ይመልስላችኋል? እመጓን የወጣችሁ ታውቁታላችሁ። ሰውነቱ እንዲረጋ ቢያንስ 20 ደቂቃ ያስፈልገዋል።

20 ደቂቃ! እኛ ሀገር 20 ቀን ነው። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? እረፍት የሚወስድ ሰው «አሁን መናገር አልችልም፤ ከእራት በኋላ እንነጋገር» ብሎ ይወጣል። ከእራት በኋላም ይመለሳል። የሚያኮርፈው መቼ እንደሚመለስ አይናገርም። የሚቀጣውም ዝምታው ሳይሆን ያ አለመታወቁ ነው። በተለይ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሆደ ባሻ ከሆነ፣ ቀኑ ያልተነገረ ዝምታ እንደ እሳት ነው የሚበላው። ስለዚህ ሸሹ ሰዓቱን ይናገር። አሳዳጁ ደግሞ እስከዚያ ሰዓት ድረስ በር አያንኳኳ። ሁለተኛው ከባድ ነው፤ እኔ አሳዳጇ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ።

ከመጨረሴ በፊት ሁለት ነገር። አንደኛው፣ «ጠባያችን ስላልገጠመ ነው» የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት በአውስትራሊያ፣ በእንግሊዝና በጀርመን ከ20 ሺህ በላይ ሰዎችን ተመልክቷል። የባልና የሚስት ጠባይ መመሳሰል በትዳር ደስታቸው ላይ ያለው ድርሻ ከግማሽ በመቶ በታች ነው የተገኘው። ምንም ማለት ይቻላል። ከባለቤቴ አመል ይልቅ በእኔ እርካታ ላይ የበለጠ የሚመዝነው የራሴ አመል ሆኖ ነው የተገኘው። ይህን ያነበብኩ ቀን መጽሐፉን ዘግቼ ቡና አፈላሁ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ የሚመጣው የሌላውን ሰው አመል ይዞ ነው። የራሱን ይዞ የመጣ በእጅ ይቆጠራል።

ሁለተኛው ቀልድ የለበትም። መምታት አመል አይደለም። «አመሉ ነው፣ ሲናደድ እጁ ይቀድመዋል» የምትሉ እናቶች፣ አክስቶች፣ የነፍስ አባቶች ካላችሁ፣ እባካችሁ። ያ ሰው አለቃው ሲያናድደው እጁ አይቀድመውም። ፖሊስ ሲያስቆመው እጁ አይቀድመውም። ስለዚህ መግታት ይችላል። እስካሁን ስለ መስማማትና ስለ መቻል ያወራሁት ሁሉ ለእንዲህ ያለ ቤት አይሠራም። እዚያ ቤት መጀመሪያ የሚያስፈልገው የሴቲቱ ከአደጋ መውጣት ነው። ሕጉም ወንጀል ነው ያለው።

ይኸው ጨረስኩ። ጥያቄ ካለ።

(ከጥያቄዎቹ ሦስቱን ብቻ ጽፌያቸዋለሁ።)

መጀመሪያ የጠየቁት እነዚያው ያልሳቁት አባት ናቸው። «ልጄ፣ አመል ይለቃል ወይ? እኔ ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው።»

አባባ፣ ይለቃል፤ ቀስ ብሎ። ሰው ዕድሜው ሲገፋ በአማካይ እየረጋ፣ እየተጠነቀቀ እንደሚሄድ ብዙ ጥናት አሳይቷል። እርስዎም በሃያ ዓመትዎ እንዲህ አልነበሩም ይሆናል። (ሚስታቸው ከጎናቸው «አልነበረም!» አሉ።) እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ 207 ጥናቶችን የሰበሰበ ሥራ ወጥቶ ነበር። በባለሙያ የተረዱ ሰዎች ጠባያቸው በወራት ውስጥ ሲሻሻል ታይቷል፤ ከሁሉ የበለጠ የተሻሻለውም ሆደ ባሻነታቸው ነው። ሌላ ሰው ሆነው አይወጡም። አሥር ጊዜ የሚቆጣው ስድስት ጊዜ ቢቆጣ ግን ቤት ውስጥ ያለው ሰው ይታወቀዋል።

አንዲት እጮኛ ያላት ወጣት፦ «ከመጋባታችን በፊት አመሉን እንዴት አድርጌ ልወቅ?»

የኔ ልጅ፣ ሽማግሌ ሲላክ ቤተሰብ ምን እንደሚጠይቅ ታውቂያለሽ። እስከ ሰባት ትውልድ ዘር ይቆጠራል። የማን ልጅ ነው፣ ምን አለው፣ ይባላል። «ሲናደድ ምን ያደርጋል?» ብሎ የሚጠይቅ ግን አላየሁም። አንቺ ጠይቂ። እሱን ሳይሆን እህቱን ጠይቂ። ደግሞ ሲርበው እዪው። መኪና ሲያመልጠው እዪው። ካፌ ውስጥ አስተናጋጇ ትእዛዝ ስትሳሳት ምን እንደሚላት ስሚ። አንቺን የሚያናግርበት ድምፅ አሁን ምንም አይነግርሽም፤ የሰርግ ሰሞን ድምፅ ነው። እሱም አንቺን እንዲሁ ይይ።

የመጨረሻው ጥያቄ ከኋላ ነው የመጣው፤ አንድ ጎልማሳ። «መስኮቱስ ምን ሆነ?»

እስከ ማታ 2 ሰዓት ክፍት ነው። 2 ሰዓት ሲሆን እሱ ይዘጋዋል፤ እኔ ምንም አልልም። በሩን ስንት ጊዜ እንደሚያይ መቁጠር አቁሜያለሁ። እሱ ደግሞ «ግድየለሽ» የምትለዋን ቃል ተወ። «ሰግቻለሁ» ይላል። ሰግቻለሁ ሲለኝ ተነስቼ አብሬው አያለሁ። ሁልጊዜ አይደለም። አንዳንድ ቀን ደክሞኝ «ተኛ ባክህ» እለዋለሁ፤ ያን ቀን እንጣላለን።

ባለቤቴ ይህን ስናገር ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ነበር የተቀመጠው። ሰው ወጥቶ ሲያልቅ ተነስቶ የአዳራሹን መስኮቶች አንድ በአንድ ዘጋ። ማንም አልላከውም። ከዚያ የውጭውን በር ሳበና ገፋ አድርጎ አየው። ጥቂት እርምጃ ከሄድን በኋላ ቆመ። ተመልሶ እስኪያየው ድረስ ጋቢዬን ሰብስቤ መንገዱ ዳር ጠበቅሁት።